ከመርጫው በፊት ስም፦ የመጣጭ ነፍሳት ጥናት በሐዋሳ ዙሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ወደ ፀረ ተባይ መሸጫ ገብቶ «ቡናዬን ነፍሳት ጨረሰው» የሚል ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የማሳውን ስፋት ነው። ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሆነ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሻጩን መውቀስ ያስቸግራል። መደርደሪያው ላይ ለዓመታት የቆዩት ኬሚካሎች ያገኙትን ነፍሳት ሁሉ የሚገድሉ ስለነበሩ፣ የተባዩን ማንነት ማወቅ በገንዘብም ሆነ በጊዜ የሚያስገኘው ጥቅም አልነበረም።

የዚህ አሠራር ዕድሜ ግን እያጠረ ነው። ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ክሎርፓይሪፎስ ደግሞ በ2025 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ገብተዋል። ለተወሰኑ አገልግሎቶች ጊዜያዊ ፈቃድ ቢተውላቸውም መንገዳቸው ወደ መውጫው ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በቦታቸው የሚመጡት ዘዴዎች፣ ማለትም እንቁላል የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች፣ የሽታ ወጥመዶች፣ በዛፍ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ የርጭት ውሳኔ፣ ሁሉም ለአንድ የተወሰነ ዝርያ የተሠሩ ናቸው። ዝርያውን የተሳሳተ ሰው ዘዴውን እንዳለ ይስታል። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ እንደ ቤተ መዘክር ሥራ ብቻ ሲታይ የኖረው የነፍሳት ስያሜ ጥናት ዛሬ ከሲዳማ ቡናና እንሰት ጋር ጉዳይ ያለው።

እዚህ የምናወራው ሄሚፕቴራ ስለሚባለው ክፍለ መደብ ነው። ትኋን፣ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ሚሊባግ፣ ቅርፊታም ተባይ፣ ሲነኩት የሚሸተው ጋሻ መሳይ ነፍሳት፣ ውሃ ላይ የሚሮጠው ባለ ረጅም እግር፣ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ80,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ40,000 የሚበልጡት ትኋን፣ ጋሻ መሳዮቹና ውሃ ላይ የሚሮጡት ባሉበት ሄትሮፕቴራ በሚባለው ንዑስ ክፍል ይመደባሉ። የሚያመሳስላቸው አፋቸው ነው። አራት ቀጫጭን መውጊያዎች በአንድ ሰገባ ውስጥ ይተኛሉ። የውስጠኞቹ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሁለት ቦዮች ይፈጠራሉ፤ በአንዱ ምራቅ ይወርዳል፣ በሌላው የተሟሟው ምግብ ይወጣል። ፑፓ የሚባል፣ እንደ ቢራቢሮ በሽፋን ውስጥ ተኝቶ የመለወጥ ደረጃ የላቸውም። በሄትሮፕቴራ ከእንቁላል የወጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ኒምፍ ደረጃዎችን አልፎ፣ በእያንዳንዱ ቆዳውን እየጣለ ክንፍ ያወጣል።

ከጢንዚዛ ጋር የሚያምታታቸው ሰው ብዙ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የጢንዚዛ ሁለት ጠንካራ ክንፎች ጀርባው መሃል ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይገናኛሉ። የሄትሮፕቴራ ክንፍ ግን ግማሹ ቆዳ መሰል፣ ጫፉ ስስ ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረብ ጀርባው ላይ መስቀለኛ ቅርጽ ይታያል፤ ከፊት ለፊቱም ባለ ሦስት ማዕዘን ጋሻ አለ።

ስለ ምራቁ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የርጭት ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነውና። አባጨጓሬ ቅጠል ስለሚያኝክ ቅጠሉ ላይ የተረፈ መርዝ ይበላል። መጣጭ ነፍሳት ግን መውጊያውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ከላይ የተቀባውን አይበላም። ተበልቶ በሆድ እንዲሠራ የተዘጋጀ መርዝ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ ጨምሮ፣ በእርሱ ላይ ዋጋ የለውም። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። ዛሬ የተወጋ የቡና ፍሬ ከውጭ ደህና መስሎ፣ ውስጡ የጠቆረው ተፈልፍሎ ሲታጠብ ይገኛል፤ ያኔ ነፍሳቱ የለም። ገበሬው በዚያ ሰዓት ቢረጭ የሚገድለው በአካባቢው የቀሩትን፣ ምናልባትም ጠቃሚዎቹን ነው።

ጠቃሚዎች የሚባሉት በዚሁ ወገን ውስጥም አሉ። ወደ 7,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት ሬዱቪዴ የሚባለው ቤተሰብ አብዛኛው ሌሎች ነፍሳትን አድኖ የሚበላ ነው። በጋሻ መሳዮቹም ውስጥ አባጨጓሬ የሚወጉ አሉ። 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወዳጅና ጠላትን በአፍ ብቻ ሊለይ ይችላል፤ ነፍሳቱን ገልብጦ መውጊያውን ማየት ነው። ቀጭን ሆኖ ደረት ላይ ተለጥፎ ከተኛ አብዛኛውን ጊዜ የዕፅዋት ጭማቂ መጣጭ ነው። አጭርና የታጠፈ ከሆነ፣ ወይም ጋሻ መሳዩ ላይ ወፍሮ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ፊት መዘርጋት የሚችል ከሆነ አዳኝ ነው። ይህን የሚያበላሹ መሃል ሰፋሪዎች አሉ። ለምሳሌ ቲማቲም ላይ የሚገኘው ኔሲዲዮኮሪስ ቴኑይስ የነጭ ዝንብንና ቱታ አብሶሉታ የተባለውን የቲማቲም የእሳት ራት እንቁላል ይበላል፤ የሚታደን ሲያጣ ግን ራሱን ቲማቲሙን ወግቶ ግንዱ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ያወጣል። እንዲህ ያለውን «ጓደኛ» ወይም «ጠላት» ብሎ በፖስተር ማተም አይቻልም፤ ውሳኔው በቆጠራ ላይ ይወድቃል።

በሲዳማ ቡና ላይ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አንቴስቲያ ነው። በኢትዮጵያ የታወቀው ዝርያ አንቴስቲዮፕሲስ ኢንትሪካታ ነው። ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ጥቁር ቡናማ መደብ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ነጠብጣብ የጣለበት ጋሻ መሳይ ነፍሳት ሲሆን፣ ነጣ ያሉ እንቁላሎቹን አሥራ ሁለት ገደማ እያደረገ በቅጠል ጀርባ ይደረድራል። እምቡጥ ሲወጋ እምቡጡ ይጠቁራል፤ ለጋ ፍሬ ሲወጋ ፍሬው ይረግፋል። የጠነከረ ፍሬ ሲወጋ ግን ኤሬሞቴሲየም የተባለ ፈንገስ ይዞ ስለሚገባ ቡናው ውስጡ ይበሰብሳል ወይም ጥቁር መስመር ያወጣል። በሩዋንዳና በብሩንዲ የድንች ጣዕም የሚባለው የቡና እንከንም ከዚህ ነፍሳት ጉዳት ጋር ተያይዞ ይታወቃል፤ በዚያ እንከን የተያዘ ቡና ሲቀመስ ልጣጩ ያልተነሣ ጥሬ ድንች ይሸታል። ለሐዋሳ ዙሪያ የቡና ማጠቢያዎች ነገሩ ከምርት መጠን ይልቅ የደረጃ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንቴስቲያ የሚመቸው ያልተገረዘ፣ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ፣ መሃሉ ጨለማ የሆነ ቡና ነው። መሃሉን ከፍቶ መግረዝ ብቻውን ቁጥሩን ያወርደዋል። በኬንያ ለርጭት ውሳኔ የተለመደው ልክ በአማካይ ለአንድ ዛፍ ከአንድ እስከ ሁለት ነፍሳት ነው፤ ቆጠራው የሚደረገውም ከዛፉ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ዛፉን ፓይሬትረም በተባለ ከአበባ የሚወጣ ፀረ ተባይ ረጭቶ፣ ጥቂት ጠብቆ የወደቀውን በመልቀም ነው። በብዙ ሥልጠናዎች ላይ ይህ ልክ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ይሰማል። በእኛ እምነት ለሲዳማ እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ የተሠራው በኬንያ አየር፣ በኬንያ ቡና አያያዝና ጥላ ላይ ነው። በተጨማሪም በምሥራቅ አፍሪካ ቡና ላይ የሚገኙት የአንቴስቲዮፕሲስ ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ቀለማቸው በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ስለሚለያይ በመልክ ማመን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው የግሬትሄድ ጥናት ዝርያዎቹን የለያቸው በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው፤ ዛሬም አስተማማኙ መንገድ ያው ነው።

እንቁላሉንም መመልከት ተገቢ ነው። በጥቃቅን ተርቦች የተጠቃ እንቁላል ንጣቱን ትቶ ይጠቁራል። ከተለቀሙት የእንቁላል ክምሮች ብዙዎቹ ጠቁረው ከተገኙ መርጫውን ማሳረፍ ይሻላል፤ ተርቦቹ ሥራውን ይዘውታል።

ከቡናው በታች፣ ከአፈር ሥር ያለው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የእንሰት ሥር ሚሊባግ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡብ የእንሰት አካባቢዎች፣ በተለይ በጌዴኦና በሲዳማ፣ እንደ ተባይ ሲነገርለት ቆይቷል። ሞላላ ሰውነቱ በነጭ ሰም ዱቄት የተሸፈነ፣ ሥርና አምቾ (ከአፈር ሥር ያለው ወፍራም የእንሰት አካል) ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ነው። የተጠቃው እንሰት ይቀጭጫል፣ የውጭ ቅጠሎቹ ይደርቃሉ፣ ሥሩ ስለሚያልቅ ሲስቡት በቀላሉ ይነቀላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ስለሆነ በሁለትና በሦስት ዓመቱ የቀጨጨ ተክል የባከነ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ከአጠውልግ በሽታ ጋር ማምታታት ነው። አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። የተጠረጠረውን ተክል የቅጠል መሠረት ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ ከተቆረጠው ላይ ቢጫማ ወይም ክሬም መሰል ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ አጠውልግ ነው። ፈሳሽ ከሌለ ነቅሎ ሥሩን ማየት ነው፤ ነጭ ዱቄት የለበሱ ነፍሳትና በዙሪያቸው የሚርመሰመሱ ጉንዳኖች ካሉ ሚሊባጉ ነው። ጉንዳኖቹ ሚሊባጉ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉ ከሥር ወደ ሥር ያዛውሩታል። ከማሳ ወደ ማሳ የሚያሻግረው ግን በዋናነት ሰው ነው፤ ከተበከለ ቦታ የተገዛ ችግኝ ሥሩ ላይ ይዞት ይመጣል። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት ሥር ድረስ አይደርስም፤ የወጣው ብርም የተረጨው ኬሚካልም ይባክናል። ከመትከል በፊት ሥሩን ቆርጦ፣ አፈሩን አራግፎ፣ አምቾውን አገላብጦ መመርመር ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል።

ይህ ሚሊባግ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የለንደኑ ዊሊያምስና የፓሪሷ ዳንየል ማቲል-ፌሬሮ ከኢትዮጵያ የተላከላቸውን ናሙና መርምረው ካቴኖኮከስ ኤንሴቴ ብለው መዘገቡት፤ ዛሬ ፓራፑቶ በሚባለው ወገን ውስጥ ተመድቦ ይገኛል። የማቲል-ፌሬሮ ስም ያለ ምክንያት አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሌላ ሚሊባግ የሰየመችው እርሷ ናት፦ ፌናኮከስ ማኒሆቲ፣ የካሳቫ ሚሊባግ።

የካሳቫው ታሪክ ስም ምን እንደሚያወጣ ከማናቸውም በተሻለ ያሳያል። ነፍሳቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኮንጎ አካባቢ ገብቶ በአፍሪካ የካሳቫ ማሳዎች ተሰራጨ። ተመራማሪዎች በትውልድ አገሩ ያሉትን የተፈጥሮ ጠላቶቹን ፍለጋ ሄደው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ካሳቫ ላይ የሚኖር ተመሳሳይ ሚሊባግ አገኙ። ከእርሱ የተገኙት ጠላቶች ግን በአፍሪካው ላይ አልሠሩም። ምክንያቱ የተገለጠው ናሙናው በጥንቃቄ ሲታይ ነው፤ የአፍሪካው ያለ ወንድ የሚራባ ሲሆን የሰሜኑ ወንድ አለው፣ በማይክሮስኮፕ ሥርም ይለያል። ሌላ ዝርያ ነበር፤ በ1981 ፌናኮከስ ሄሬኒ ተባለ። ፍለጋው ወደ ደቡብ ዞሮ እውነተኛው ማኒሆቲ በዚያው ዓመት በፓራጓይ ተገኘ፤ ከእርሱም ጋር አናጊረስ ሎፔዚ የተባለችው ትንሽ ተርብ። ተርቧ በ1981 በናይጄሪያ ተለቃ ከዚያ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተች፤ ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ላይ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ አዘጋጅተው የለዩት ሰዎች ስም አይነሣም፤ ያለ እነርሱ ግን ፍለጋው የተሳሳተ አገር ላይ ይቆም ነበር።

የእንሰቱ ሚሊባግ ከካሳቫው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከውጭ የመጣ ወራሪ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ጠላቶቹን ለመፈለግ ባሕር ማቋረጥ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሲዳማና ጌዴኦ ጓሮ ውስጥ፣ በእንሰቱ ሥር አፈር ውስጥ መፈለግ ነው። በተቃራኒው ነጭ የማንጎ ቅርፊታም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ የተዛመተ መጤ ነው፤ ለእርሱ የካሳቫው ዓይነት መንገድ ይታሰባል። ሁለቱን በአንድ «ሚሊባግና ቅርፊታም» ርዕስ ሥር አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ስህተት ነው።

«ታዲያ ስልክ አንሥቶ ፎቶ ማንሣት አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይበቃም። የፎቶ መለያ መተግበሪያዎች በብዛት የሠለጠኑት በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶዎች ነው። ቡናማ ጋሻ መሳይ ሲያሳዩዋቸው ሃልዮሞርፋ ሃሊስ የሚለውን የእስያ ወራሪ ስም ሊያወጡ ይችላሉ፤ አፍሪካ ግን የራሷ የሃልዮሞርፋ ዝርያዎች አሏት። እንዲህ ያለ የተሳሳተ ስም ወደ ወረዳ ሪፖርት ገብቶ «አዲስ ወራሪ ተባይ ተከሰተ» ከተባለ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። የዲ ኤን ኤ መለያም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የተለመደው ባርኮድ 658 ፊደላት ያሉት አንድ የጂን ቁራጭ ነው፤ የሚነጻጸረው ቀደም ሲል በትክክል ከተሰየመ ናሙና ጋር ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያ የተሰየመ ናሙና በመዝገቡ ከሌለ የሚመጣው መልስ «የቅርብ ዘመድ» ብቻ ነው። ሚሊባጉ ውስጥ የተርብ ዕጭ ካለ ደግሞ ማሽኑ የተርቧን ዲ ኤን ኤ አንብቦ ተርብ ነው ሊል ይችላል።

ስለዚህ መነሻው ናሙና ነው። ለአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ሆነ ለኮሌጅ ላቦራቶሪ ከባድ ወጪ የለበትም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነጭ ጨርቅ በሁለት ዱላ ወጥሮ ቅርንጫፍ ሥር መያዝና ቅርንጫፉን ሁለት ሦስቴ መምታት ለቡና ከሁሉ ይሻላል። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ መሥራት ያስፈልጋል፤ ከረፋዱ በኋላ በረው ያመልጣሉ። ለመግደል ኤቲል አሲቴት ካልተገኘ የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ለዲ ኤን ኤ የሚፈለገው ወዲያው 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ገብቶ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ግን አልኮል ውስጥ ስለሚጠፋ ከእያንዳንዱ ስብስብ ጥቂቱን ማድረቅ ግድ ነው። ኒምፍ ብቻ ከተገኘ ከሚበላው ተክል ጋር ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ እስኪያድግ መጠበቅ ነው፤ መለያ ቁልፎቹ የተጻፉት በአብዛኛው ለአዋቂው ነው።

ትልልቆቹ የሚሰኩት በሦስት ማዕዘን ጋሻው ላይ፣ ከመሃል ጥቂት ወደ ቀኝ ነው። እንዲህ ሲሆን መሃሉና ግራው ሳይጎዳ ይቀራል። ከአምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ያነሱት አይሰኩም፤ ስምንት ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ካርቶን ጫፍ ላይ፣ በደረታቸው ቀኝ ጎን፣ በውሃ በሚለቅ ሙጫ ይጣበቃሉ። ሱፐር ግሉ የሚጠቀም ሰው ነፍሳቱን ለዘላለም ከካርቶኑ ጋር አጋብቶታል፤ ሆዱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሰብሮ ካልሆነ አያይም። የልብስ ስፌት ስፒልም በሐዋሳ እርጥበት ይዝጋል። የወንዱን የመራቢያ አካል ለማየት የሆዱ ጫፍ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ ያድራል፣ ወይም በሙቅ ውሃ ላይ አሥር ደቂቃ ገደማ ይሞቃል። ሥጋው ይሟሟል፣ ጠንካራው ቅርፊት ይቀራል። ከዚያ ካለፈ ቅርፊቱም ይለሰልስና ቅርጹ ይጠፋል። የተመረመረው ክፍል በግሊሰሪን ጠብታ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ከነፍሳቱ ሥር በዚያው ስፒል ይያዛል። ተለይቶ ከጠፋ መታወቂያውም ጠፋ።

ሚሊባግ በስፒል አይሆንም። አዋቂ ሴቶች፣ ቢቻል ከአሥር በላይ፣ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ከሥሩ ተነሥተው አልኮል ውስጥ ይገባሉ። በኋላ ጎናቸው ተበስቶ በዚያው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ይጸዳሉ፣ በአሲድ ፉክሲን ይቀላሉ፣ በካናዳ ባልሳም ስላይድ ላይ ይታሸጋሉ። ስላይዱ በ40 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሳምንታት ይደርቃል። አብሯቸው የተገኘው ጉንዳን በሌላ ብልቃጥ፣ የእንሰቱ ዕድሜና የአካባቢ ዝርያው (ገንቲቻ ይሁን ሌላ) በማስታወሻ ይያዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚበላሸው መለያ ወረቀቱ ላይ ነው። ናሙናው ላይ «3.7.2016» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ መጋቢት 3 ቀን 2016 ነው፤ ማለትም 12 ማርች 2024። በፈረንጅ ከሆነ 3 ጁላይ 2016፣ ወርን ለሚያስቀድም አሜሪካዊ ደግሞ 7 ማርች 2016። በስምንት ዓመትና በሁለት ወቅት የተለያዩ ሦስት ቀኖች ከአንድ ጽሑፍ ወጡ። የተባይ መውጫ ጊዜን ከዝናብ ጋር ለማያያዝ የሚሞክር ተመራማሪ በዚህ ምንም አይሠራም። መፍትሔው ወሩን በስሙ መጻፍና የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ ነው። ቦታም እንዲሁ። በድሮ መለያዎች ላይ «ሲዳሞ» የሚል ብቻ ሲገኝ ጭንቅ ነው፤ የቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ለረጅም ዘመን እስከ ኬንያ ድንበር የሚደርስ ስለነበር ይርጋለም ይሁን ቦረና አይታወቅም፤ አንዱ ቡና አብቃይ ወይና ደጋ፣ ሌላው በአብዛኛው ቆላ ነው። ስለዚህ የካርታ ነጥብ (ይርጋለም ለምሳሌ ወደ 6.75 ዲግሪ ሰሜንና 38.4 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት)፣ ከፍታ፣ የተገኘበት ተክልና የሰብሳቢው ስም አብረው ይገባሉ። ወረቀቱ አሲድ የሌለው፣ ቀለሙ አልኮል የማያለቅቀው ይሁን። የተለመደው እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ በአንድ ሌሊት ሟሙቶ ባዶ ወረቀት ይተዋል።

ሐይቁንም ማለፍ አይቻልም፤ በአጭሩ ግን። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርና በጥቁር ውሃ ወንዝ የውሃ ጥራትን በነፍሳት ለመመዘን ሲታሰብ የሄሚፕቴራ ወገኖች በቁጥር ስለሚበዙ ያሳስታሉ። በጀርባቸው የሚዋኙትም ሆኑ ሌሎቹ የውሃ ሄትሮፕቴራዎች በብዛት የሚተነፍሱት ከውሃው ላይ የሚወስዱትን አየር ነው፤ ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥም ይኖራሉ። የእነርሱ መብዛት ውሃው ጤነኛ ነው አያሰኝም። ውሃ ላይ የሚሮጡት ደግሞ በተቃራኒው የውሃውን የላይኛ ገጽ ውጥረት ስለሚደገፉ ሳሙና በበዛበት የልብስ ማጠቢያ ዳር ይሰምጣሉ፤ እዚያ መጥፋታቸው ስለ ኦክስጅን የሚናገረው የለም።

ይህን የሚያጠናው ማኅበረሰብ በዓለም ደረጃ ትንሽ ነው፤ በቤተሰብ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው፤ ጋሻ መሳዮችን የሚያውቅ ሰው ስለ ሚሊባግ ላይመልስ ይችላል። የሄትሮፕቴራ አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በየአራት ዓመቱ ይሰበሰባል። ለሥነ ሕይወት ያበረከቱት ግን ከቁጥራቸው በላይ ነው። ጀርመናዊው ሄንኪንግ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሄደውን ክሮሞሶም ያየው፣ አሜሪካዊው ዊልሰንም በ1905 የፆታ ክሮሞሶሞችን ያጠናው በእነዚህ ነፍሳት ላይ ነው። እንግሊዛዊው ዊግልስወርዝ የነፍሳት ዕድገት በሆርሞን እንደሚመራ ያሳየው ሮድኒየስ የተባለውን ደም መጣጭ አንገቱን እየቆረጠ ነው። ከአፍሪካ የሚጠቀሰው ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ነው። በካምብሪጅ ከዊግልስወርዝ ጋር የሠራ፣ እንቁላል የሚጠብቁ አባቶች ያሉትን ራይኖኮሪስ የተባለ አዳኝ ነፍሳት ያጠና ሰው ነበር፤ በ1970 ናይሮቢ ላይ ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል አቋቋመ። የነፍሳት ስያሜና ባሕርይ ጥናትን ከተባይ ቁጥጥር ነጥሎ የማያይ ተቋም ከዚህ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ ማኅበረሰብ ጋር የሚደረገው ግንኙነት በብድር መልክ ነው፤ ናሙና ይሄዳል፣ ስም ይመጣል። አንድ ባለሙያ መልስ የሚሰጠው ወንድና ሴት ያሉበት፣ መለያው የተሟላ፣ ከአንድ በላይ ናሙና ሲደርሰው ነው። አንዲት እግሯ የተሰበረ ሴት ነፍሳት ልኮ ስም መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ከመላኩ በፊት በጽሑፍ መስማማት ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ከናሙናው ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ አዲስ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ ስሙ የተመሠረተበት ዋናው ዓይነተኛ ናሙና የት እንደሚቀመጥ፣ በኅትመቱ ላይ ሰብሳቢው እንዴት እንደሚጠቀስ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ ነፍሳት ጄኖቫን በመሳሰሉ የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች መቀመጣቸው የታወቀ ነው፤ ዛሬ ያንን የሚያስደግም ምክንያት የለም።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (ማግኘትና መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናው ለዲ ኤን ኤ ሥራ የሚውል ከሆነ ይህ ከማመልከቻው ላይ ይገለጽ፤ በኋላ የሚጨመር ዓላማ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃዱ ቅጂ በሳጥኑ ውስጥም ከውጭም ይሁን። አልኮል ውስጥ ያለ ናሙና በአየር ሲላክ እያንዳንዱ ብልቃጥ ከ30 ሚሊ ሊትር፣ ጠቅላላው ጥቅል ከአንድ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ፍሳሽ የሚመጥ ነገርም ይከተትበታል። የተሰኩት በትንሽ ሣጥን ይገባሉ፣ ትንሹ ሣጥን በትልቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ መሃላቸው በየአቅጣጫው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ነገር ይሞላል። ከባድ ነፍሳት ግራና ቀኝ ተጨማሪ ስፒል ካልተደረገለት በመንገድ ላይ ዞሮ የጎረቤቶቹን ቀንድና እግር ይሰብራል። እዚህ የቀሩት ናሙናዎች ደግሞ በየጊዜው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለአንድ ሳምንት ይቀመጡ፤ ደርሜስቲድ የሚባሉት ጢንዚዛዎች ደረቅ ነፍሳት ይበላሉ፣ መሳቢያ ውስጥ ገብተው ሳይታዩ ከቆዩ የሚተዉት ስፒልና መለያ ወረቀት ብቻ ነው።